«ሹገር ፍሪ» የሚለውን ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በማስታወቂያ ገጾቻችሁ ላይ «ከስኳር ነፃ» ከሚለው ጎን «ለስኳር ሕመምተኞች ተስማሚ» የሚል እንዳይታከል ብትከለክሉ ጥሩ ነበር። የመጀመሪያው አባባል የሚመልሰው የስኳሩን ጥያቄ ብቻ ነው፤ ምግቡ ስለተሠራበት ዱቄት ምንም አይልም።

በአውሮፓ ሕግ «ከስኳር ነፃ» ለመባል በ100 ግራም ውስጥ ያለው ስኳር ከ0.5 ግራም መብለጥ የለበትም። አሜሪካኖቹ ግን የሚለኩት በአንድ ጊዜ በሚበላው መጠን ነው። የእነሱን ከረሜላ የገዛ ሰው «ሰርቪንግ» የተባለው ስንት ፍሬ እንደሆነ ይይ፤ አንዳንዴ አንድ ፍሬ ብቻ ነው።

ከማሸጊያው ጀርባ ያለው ሠንጠረዥ በ100 ግራም ስኳር 0.4፣ ጠቅላላ ካርቦሃይድሬት 68፣ ፖሊዮል (የስኳር ምትክ የሆነ ማጣፈጫ) 20 ግራም የሚል ብስኩት እንውሰድ። ከሻይ ጋር አራት ፍሬ፣ 40 ግራም ያህል፣ የበላ ሰው 27 ግራም ካርቦሃይድሬት ወስዷል። ከዚህ ውስጥ 8 ግራሙ ፖሊዮሉ፣ ማለትም እንደ ማልቲቶል ያለ ማጣፈጫ ነው። የቀረው 19 ግራም በአብዛኛው የስንዴ ስታርች ሲሆን አንጀት ውስጥ ግሉኮስ ይሆናል፤ አንድ ስስ ቁራጭ ዳቦ እንኳ 15 ግራም ገደማ ነው ያለው። ማልቲቶልም ከተራው ስኳር ያነሰ ይሁን እንጂ የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል። ሲበዛ ደግሞ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል። በይዘት ዝርዝሩ ላይ ማልቶዴክስትሪን (ከስታርች የሚሠራ ዱቄት) ካያችሁ ግን ተጠንቀቁ፦ በሠንጠረዡ ከስኳር አይቆጠርም፣ የደም ስኳርን የሚያሻቅበው ግን እንደ ግሉኮስ በፍጥነት ነው።

«ስኳር ያልተጨመረበት» ሌላ ነገር ነው። የፍራፍሬው የራሱ ስኳር እዚያው አለ፤ 250 ሚሊ ሊትር የማንጎ ጭማቂ 25 ግራም ገደማ፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይይዛል።

አደገኛው ስህተት ግን የተገላቢጦሹ ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር ሕመም ክኒን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ ወርዶ ሲያልበውና ሲንቀጠቀጥ፣ ቤተሰብ ደንግጦ ፍሪጅ ውስጥ ያገኘውን «ዜሮ» ለስላሳ ያጠጣዋል። እሱ ውስጥ ስኳር የለም፤ አያነሳውም። የሚሰጠው 150 ሚሊ ሊትር መደበኛ ለስላሳ ወይም በውሃ የተበጠበጠ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ነው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ተለክቶ ካልተሻለው ይደገማል። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይሰጡት ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ነው።