ለድንች ቫይረስ ፀረ ፈንገስ አይረጭም፤ እባካችሁ አርሙልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ስለ ድንች በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ብዙው ጥሩ ነው። በተለይ ዝናብ ሲበዛ ቅጠሉን አጥቁሮ ስለሚያደርቀው በሽታ የጻፋችሁት ልክ ነው፣ እኛ አዴት አካባቢ ክረምት በመጣ ቁጥር የምናየው ነገር ነው። ግን አንድ ቦታ ላይ ቅጠሉ የተጨማደደ ወይም ቢጫ ዝንጉርጉር ያለበት ድንች ሲያጋጥም ቶሎ ፀረ ፈንገስ ይረጭ ብላችኋል። ይሄ ስህተት ነው። ገበሬ የሌለውን ብር የሚያወጣበት ስህተት ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የተወለድኩትም ያደግሁትም ድንች ከሚተክል ቤት ነው። አያ እያልኩ የምጠራቸው ጎረቤታችን ባለፈው ክረምት ድንቻቸው እንዲህ ሆነባቸው። ቅጠሉ ተጨማደደ፣ ተክሉ ቀጨጨ። ከተማ ወጥተው አንድ የግብርና መድኃኒት መሸጫ ገቡ፣ ሻጩ ቅጠሉን እንኳ ሳያይ ፀረ ፈንገስ ሸጠላቸው። ረጩ። ምንም ለውጥ የለም። ተመልሰው ሄዱ፣ ሌላ ዓይነት ተሰጣቸው፣ ያንንም ረጩ። ሲቆፈር የወጣው ድንች ለገበያ የማይሆን ጥቃቅን ነበር። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ያንኑ ጥቃቅን ለዘር ማስቀመጣቸው ነው። ማንም እንዳያስቀምጡት አልነገራቸውም።

የተጨማደደው ቅጠል አብዛኛውን ጊዜ የቫይረስ ምልክት ነው። ቫይረስ ደግሞ ፈንገስ አይደለም። ድንች ዋይ ቫይረስ የሚባለውን እንውሰድ። ዘረመሉ 9,700 ገደማ ፊደላት ያሏት አንዲት የአርኤንኤ (እንደ ዲኤንኤ የዘር መመሪያ የሚጻፍበት ሞለኪውል) ክር ናት፣ በፕሮቲን ተሸፍናለች። አለቀ። አይበላም፣ አይተነፍስም፣ የራሱ ሴል የለውም። ፀረ ፈንገስ የሚመታው የፈንገሱን ሴል ነው፣ ሽፋኑን ወይም አተነፋፈሱን። ቫይረሱ ላይ ታዲያ ምኑን ይመታል? ቫይረሱ የኔ የሚለው ትልቁ መሣሪያ ራሱን የሚያባዛበት ኢንዛይም (ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን) ነው፣ እሱም የሚሠራው ድንቹ ሴል ውስጥ ተደብቆ ነው።

ስለዚች ኢንዛይም ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ እሷ ላይ ነው ያለው። አርኤንኤን እያነበበች አርኤንኤ የምትሠራ ፖሊሜሬዝ ናት። ድንቹ የራሱን ዘረመል የሚገለብጠው ከዲኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ስለሆነ፣ ለቫይረሱ የሚሆን ዝግጁ መገልበጫ የለውም። ስለዚህ ቫይረሱ ኢንዛይሟ የምትሠራበትን መመሪያ ራሱ ይዞ ይመጣል። ሴል ውስጥ ሲገባ በድንቹ ራይቦዞም፣ ማለትም በሴሉ የፕሮቲን መሥሪያ፣ አንድ ረጅም ፕሮቲን ያሠራል። ከዚያ ያ ፕሮቲን በራሱ በቫይረሱ ኢንዛይሞች ይቆራረጣል፣ ከቁራጮቹ አንዷ ፖሊሜሬዟ ናት። የትምባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ራይቦዞሙ "አቁም" የሚለው ምልክት ላይ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ያቆማል፣ አንዳንዴ ግን አልፎ ይሄዳል፣ ሲያልፍ የሚገኘው ረዘም ያለው ፕሮቲን ነው ፖሊሜሬዙን የያዘው። ሁለት ቫይረስ፣ ሁለት መንገድ፣ መድረሻቸው ግን አንድ ነው። ከዚያ በኋላ የቫይረሱ ፕሮቲኖች የሴሉን የውስጥ ሽፋን እያጣመሙ ትንንሽ ኪስ ይሠሩና እዚያ ተከልለው ይገለብጣሉ፤ መጀመሪያ ተቃራኒውን ክር፣ ከዚያ ከተቃራኒው ላይ ብዙ ብዙ አዲስ ክር። ከጀርባ በታዘለ መርጫ ቅጠል ላይ የተረጨ ዱቄት እዚያ ኪስ ውስጥ ምን ሊሠራ ይችላል?

አንድ ነገር ልጨምር። ጎጃም የቁም ጸሐፊ አገር ነው፤ ብራና ላይ የተገለበጠ መጽሐፍ አዋቂ ሳያርመው ከእጅ አይወጣም። ይቺ ኢንዛይም ግን አራሚ የላትም። የተሳሳተ ፊደል ስታስገባ አትመለስም፣ ዝም ብላ ትቀጥላለች። በ10 ሺህም ሆነ በሚሊዮን ፊደል አንድ ስህተት ይባላል፣ እንደ ቫይረሱ ይለያያል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ ማሳ ውስጥ ስንት ቅጠል፣ በአንድ ቅጠል ውስጥ ስንት ሴል እንዳለ አስቡት። ከስህተቶቹ አብዛኞቹ ቫይረሱን ራሱን ይጎዱታል፣ አንዳንዱ ግን ይጠቅመዋል። ቫይረስ ይቋቋማል የተባለ ዝርያ ዓመታት አልፈው የሚሸነፈው በዚህ ምክንያት ነው። ገበሬው ዘሩ ደከመ ይላል። ዘሩ ውስጥ ቫይረስ ከዓመት ዓመት እየተጠራቀመ ነው የሚመጣው።

መድኃኒት ጭራሽ አይቻልም ማለቴ አይደለም። በኮሮና ጊዜ ስሙ ሲነሳ የነበረው ሬምዴሲቪር የሚያደናቅፈው የዚችኑ ዓይነት ኢንዛይም ነው። የአርኤንኤ ፊደል መስሎ ይገባና ግልበጣውን ያስቆማል። ግን እሱ ሐኪም ቤት ለታመመ ሰው በደም ሥር የሚሰጥ ነገር ነው። መድኃኒት መሸጫዎቻችን መደርደሪያ ላይ ግን የታመመን ድንች ከቫይረስ የሚፈውስ ነገር የለም። አለ ብሎ የሚሸጥ ገበሬውን እያታለለ ነው።

ኮሮናን ካነሳሁ አይቀር፣ በምርመራ ጊዜ የተጠቀምንበት የፒሲአር ዘዴ የቫይረሱን አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ቀይሮ የሚያባዛ ነው። የድንች ቫይረስም በዚሁ ዘዴ ይገኛል። ለዘር የሚሸጥ ድንች በዚህ መንገድ እየተመረመረ ነው ወይ ብላችሁ የሚመለከታቸውን ብትጠይቁልን ደስ ይለኛል። ገበሬ ይህን ጥያቄ ብቻውን ቢጠይቅ የሚሰማው የለም፣ ጋዜጣ ሲጠይቅ ግን መልስ ሊመጣ ይችላል።

አሁን ደግሞ ወደ ፈንገስ ልመለስ፣ ምክንያቱም ፈንገስም ቫይረስ ይይዘዋል፣ እናንተ ግን በጽሑፋችሁ ሁለቱን አንድ አድርጋችኋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1962 እንጉዳይ አምራቾችን ሲያማርር የነበረ በሽታ ቫይረስ እንዳለበት ታወቀ። ከዚያ ወዲህ በፈንገስ ውስጥ የተገኙት ቫይረሶች በጣም ብዙ ናቸው፣ አብዛኞቹም አርኤንኤ ናቸው። እርሾ ውስጥ ደግሞ 2,500 ገደማ ፊደላት ብቻ ያለው ቫይረስ አለ። ሽፋን የለውም፣ ከሴል ወጥቶ አይሄድም። ያለው ዘረመል የአንዲት ነገር መመሪያ ብቻ ነው፤ የዚችው ፖሊሜሬዝ። ሌላውን ሁሉ ጥሎ እሷን ብቻ ይዞ መኖር ችሏል። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ጥያቄ ይዘንባል።

ፖሊሜሬዟን አወዳድሮ የቫይረሶችን ዝምድና ማወቅም ይቻላል። ኢራን ውስጥ ኡርሚያ በምትባል አካባቢ ስም የተሰየመ የሐብሐብ ቫይረስ አለ። ተክል ነው የሚያጠቃው፣ ፖሊሜሬዙ ግን የሚዛመደው ከእነዚህ የፈንገስ ቫይረሶች ጋር ነው። ይህም ከፈንገስ ወደ ተክል የተሻገረ ሳይሆን አይቀርም ያሰኛል። በሌላ አቅጣጫም ተሻግሮ ተገኝቷል። ቻይና ውስጥ ከድንች ላይ በተወሰደ ራይዞክቶኒያ በሚባል የአፈር ፈንገስ ውስጥ የኪያር ሞዛይክ ቫይረስ ተገኘ፣ ይህም እ.ኤ.አ. በ2017 ታተመ። የተክል ቫይረስ ነው፣ ፈንገሱ ውስጥ ገብቶ ተባዝቷል። ራይዞክቶኒያ የድንችን ልጣጭ በጥቁር ቅርፊት የሚያበላሸው ፈንገስ ነው፣ ስለዚህ ነገሩ ከእኛ ማሳ የራቀ ወሬ አይደለም።

የፈንገስ ቫይረስ የጠቀመበትም ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1904 ኒው ዮርክ ውስጥ ቼስትነት የሚባለውን ዛፍ የሚገድል ፈንገስ ታየ፣ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የምሥራቅ አሜሪካን ቼስትነት ጨረሰው። አውሮፓም ገባ። ጣሊያን ውስጥ ግን በ1950ዎቹ አንዳንድ ዛፎች ቁስላቸው ሲድን ታየ። ፈንገሱን ራሱን ቫይረስ ይዞት አዳክሞታል። ፈረንሳዮች የታመመውን ፈንገስ እያባዙ ዛፉ ቁስል ላይ መቀባት ጀመሩ፣ በአውሮፓም ጥሩ ሠራ። አሜሪካ ላይ ያን ያህል አልሆነም፣ ምክንያቱም ቫይረሱ የሚተላለፈው ሁለት ፈንገሶች ሲዋሃዱ ነው፣ እዚያ ያሉት ፈንገሶች ደግሞ ዓይነታቸው ብዙ ስለሆነ እርስ በርስ አይዋሃዱም። የእኛ ተመራማሪዎች የእኛን ማሳ ፈንገሶች ከፍተው ምን ቫይረስ እንደያዙ ቢያዩ እንዴት ደስ ባለኝ።

በቆሎን በአጭሩ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኬንያ ውስጥ የታየው፣ በ2014 ደግሞ እኛ አገር መግባቱ የታወቀው የበቆሎ ገዳይ በሽታ ሁለት የአርኤንኤ ቫይረሶች አንድ ላይ ሲገቡ የሚመጣ ነው። ቡሬና ጃቢ ጠህናን በቆሎ የሚያመርት ሁሉ ይህንንም ማወቅ አለበት። በዚህም ላይ ፀረ ፈንገስ አይሠራም።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ እርማት እንድታወጡ ነው። የታመመውን ተክል ነቅላችሁ ከማሳ አውጡ በሉ። ድንቹ ማበብ ሲጀምር ጤነኛ የሆኑትን ብቻ እየመረጣችሁ ለምልክት እንጨት ትከሉበት፣ ቆይታችሁ እንደገና እዩ፣ ለዘር የሚሆነውን ከእነሱ ብቻ ለብቻው ቆፍሩ በሉ። ትልቁን ለገበያ፣ ትንሹን ለዘር ማድረግን ተቃወሙ፣ ትንሹ ብዙ ጊዜ ትንሽ የሆነው ስለታመመ ነው። ቫይረሱን ከተክል ወደ ተክል ስለምታደርሰው የተክል ጭማቂ መጣጭ ትንሽ ነፍሳት፣ ስለ ክሽክሽም እውነቱን ጻፉ። የቅጠል መጠቅለልን የሚያመጣውን ቫይረስ ክሽክሽ የምታስተላልፈው ብዙ ከመጠጠች በኋላ ስለሆነ ፀረ ተባይ ይረዳል፣ ድንች ዋይን ግን በቅጽበት ነክሳ ስለምታስተላልፍ ፀረ ተባዩ ሳይገድላት ሥራዋን ትጨርሳለች። ክሽክሽ ብርድ ስለማትወድ ከደጋው፣ ከጮቄ ሥርና ከባንጃ በኩል የሚመጣ ዘር የተሻለ እንደሚሆንም ጨምሩበት።

እርማቱን ግን ሐምሌ ከመግባቱ በፊት አውጡት። ድንቹ ካበበና ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ጤነኛውንና የታመመውን መለየት አይቻልም፣ አያም የዘር ድንቻቸውን ከጎተራ አውጥተው መትከያው እየደረሰባቸው ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ከአዴት