የቨርጂኒያን ሀበሻ በየትኛው መዝገብ ላይ አያችሁት?

ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

በሰሜን ቨርጂኒያ ስለምንኖር ኢትዮጵያውያንና ስለ ምርጫ ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። «አብዛኞቹ በዴሞክራትነት የተመዘገቡ ቢሆኑም በምርጫ ቀን ከቤት አይወጡም» ይላል። አንድ መስመር ነው። እኔን ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ።

ቨርጂኒያ ውስጥ እኮ በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም! ለመራጭነት ስትመዘገብ ስምህን፣ አድራሻህን፣ ዜግነትህን ትሞላለህ። ዴሞክራት ነህ ሪፐብሊካን ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ፓርቲዎች ዕጩአቸውን ለሚመርጡበት ለፕራይመሪ ስትሄድ እንኳ የፈለግኸውን ፓርቲ የድምፅ መስጫ ወረቀት ጠይቀህ ትወስዳለህ። ወንዙን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለው ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ ሜሪላንድ በፓርቲ ትመዘግባለች። ታዲያ ዘጋቢያችሁ የእኛን ዴሞክራትነት የትኛው መዝገብ ላይ አየው? ለማጣራት አንድ ስልክ ይበቃው ነበር።

«ከቤት አይወጡም» የተባለውስ ማን ነው? እኔ የምኖርበት ፎቅ ላይ ሀበሻ ብዙ ነው። ከፊት ለፊቴ ያለችው እህት ግሪን ካርድ ከያዘች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከጎኔ ያለው ልጅ ጥገኝነት ጠይቆ ቀጠሮ ይጠብቃል። ሁለቱም ቢፈልጉም መምረጥ አይችሉም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በአብዛኛው አምስት ዓመት ጠብቆ ነው ለዜግነት የሚያመለክተው። የሕዝቡን ብዛት ከነሕፃኑ፣ ከነስደተኛው ወስዶ «ይሄ ሁሉ ሰው አልመረጠም» ማለት ስም ማጥፋት እንጂ ስሌት አይደለም። የሚመርጠውም ሰው ቢሆን በየዓመቱ እኩል አይወጣም፤ ይሄ ደግሞ የሀበሻ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ2020 ለፕሬዚዳንት ምርጫ በመላው ቨርጂኒያ ወደ 4.5 ሚሊዮን ሰው ድምፅ ሰጠ። በዓመቱ ለገዥው ምርጫ የወጣው 3.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። የቀረውን ሚሊዮን ሰው ማንም ሰነፍ ብሎ አልጻፈበትም።

የአንድ ፓርቲ ኪስ ውስጥ ያለን አስመስላችሁ መጻፋችሁ ደግሞ የበለጠ ያናድዳል። 2021ን ረሳችሁት? የትግራይ ጦርነት እየተፋፋመ፣ አሜሪካ ማዕቀብ እያለች፣ ዕድሜ ልካቸውን ዴሞክራት ሲመርጡ የኖሩ ሰዎች ለገዥነት ለተወዳደረው ለሪፐብሊካኑ ያንግኪን ሲቀሰቅሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ያኔ ፕሬዚዳንት የነበረው ዴሞክራቱ ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ዕቃዋን ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት የንግድ ዕድል፣ እንደሚያስወጣ ያስታወቀው እኮ በዚያው በምርጫው ዕለት፣ ኖቬምበር 2 ነው። ሌሎች ደግሞ፣ ወገኖቻቸው ትግራይ ውስጥ እየተራቡባቸው፣ ማዕቀቡ ዘገየ ብለው ተቆጡ። በአንድ ቤት ውስጥ ባልና ሚስት የተኳረፉበት ጊዜ ነበር። ያንግኪን ያሸነፈው ከ60 ሺህ ትንሽ በሚበልጥ ድምፅ ነው። የእኛ ድምፅ ወሳኝ ነበር አልልም፤ እኛ የምንኖርባቸው ፌርፋክስም አሌክሳንድሪያም ለዴሞክራቱ ለማካሊፍ ነው የመረጡት። ሀበሻ ግን አስቦ፣ ተከራክሮ፣ ተጣልቶ ነው የመረጠው። ይሄን የሚያህል ታሪክ ዘገባችሁ ውስጥ አንድ ቃል አላገኘም።

ስለ እናቴም ልንገራችሁ። ዕድሜዋ ከ55 በላይ ስለሆነና በግሪን ካርድ ከ15 ዓመት በላይ ስለኖረች የዜግነት ፈተናዋን በአማርኛ ነው ያለፈችው፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ለመምረጥ ስትሄድ ግን አማርኛ የለም። የፌዴራሉ የምርጫ ሕግ በቋንቋቸው ወረቀት እንዲዘጋጅላቸው የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያ፣ ለአሜሪካና ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ነው። የአፍሪካ ቋንቋ፣ ተናጋሪው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው ፌርፋክስ በሕግ ተገድዶ ወረቀቱን በስፓኒሽና በቬትናምኛ ሲያዘጋጅ የእኛ የቀረው። እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ «የትኛው ነው የትምህርት ቤቱ?» እያለች ጣቷን በወረቀቱ ላይ ስታንሸራትት አንድ አስተናባሪ መጥቶ ከአጠገቧ ዞር በል አለኝ። ማንበብ የማይችል መራጭ፣ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው እስካልሆነ ድረስ፣ የፈለገውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል ብዬ ተከራከርኩ። አለቃቸው መጣች፣ ቅጽ አስሞላችን፣ እናቴ መረጠች። ከኋላችን የነበሩ አንዲት እናት ግን ንትርኩን አይተው ሰልፉን ትተው ሄዱ። እኚህ ሴት ናቸው «ከቤት አይወጡም» የተባሉት። ወጥተው ነበር።

ዘጋቢያችሁ የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ፣ የሆስፒታል ልብሱን ሳያወልቅ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት የሚሰለፈውን ሀበሻ አላናገረም። ታክሲውን አቁሞ ቀደም ብሎ ድምፅ የሚሰጠውንም አላናገረም። ቨርጂኒያ ውስጥ ቀደም ብሎ መምረጥ የሚጀመረው ለምርጫው ቀን 45 ቀን ሲቀረው ነው። በምርጫው ዕለት ሰልፉ ላይ ሰው አጥቶ ከሆነ፣ አስቀድሞ የመረጠውን ቆጥሮታል?

እርማት እጠብቃለሁ። ጥግ ላይ በትንሽ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ቦታ ላይ ይውጣ። በፓርቲ ተመዝግበዋል የሚለው ይሰረዝ። «አይወጡም» የሚለው ደግሞ መምረጥ ከሚችለው ሰው ስንቱ እንደመረጠ በሚያሳይ ቁጥር ይተካ። ቁጥሩ ከሌላችሁ ዓረፍተ ነገሩን አውጡት።

አንባቢያችሁ፣
ከፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ