ስለ አባትሽ ልብ

የኔ ልጅ፣ እንደምን አለሽልኝ?

ባለፈው በቪዲዮ ስንደዋወል «አባዬ ለምን ሶፋ ላይ ነው የሚተኛው?» ብለሽኝ ነበር። ዝም ያልኩሽ አጠገቤ ስለነበረ ነው። አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

ሐኪሙ የልብ ድካም ነው አለን። ስሙን ስሰማ ልቡ ቀጥ ልትል መስሎኝ ክው አልኩ። እንደዚያ አይደለም። ትመታለች፤ ግን ሰውነቱ የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት አቅቷታል።

የሚቆጨኝ መዘናጋታችን ነው። ማታ ማታ ሲያስለው ብርድ ነው ብዬ ፌጦ አጠጣሁት። ምግብ ሲያስጠላው ጨጓራ ነው አልን። ሌሊት ሦስቴ አራቴ ለሽንት ሲነሳ እርጅና ነው አልን። ለካ ሁሉም ከልቡ ነበር።

ልብ ስትደክም ደሙ ወደኋላ ይጠራቀማል። ሳንባው ውሃ ስለሚቋጥር ጋደም ሲል ያፍነዋል፤ ሶፋው ላይ በ3 ትራስ ተደግፎ የሚያድረው ለዚህ ነው። እግሩም ያብጣል። አንድ ማታ ካልሲውን ሳወልቅለት ላስቲኩ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቦይ ሠርቷል። በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ሳነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ፣ ልክ እንደ ሊጥ። ጉበቱና አንጀቱም ያብጣሉ። ሁለት ጉርሻ በልቶ ጠገብኩ የሚለው ወጤን ጠልቶ አይደለም።

ከሁሉ የገረመኝ ኩላሊት ነው። የሚደርሰው ደም ሲያንስ ሰውነቱ ውሃ ያጠረው ይመስለዋል። ስለዚህ ጨውና ውሃ አልለቅም ይላል። ያ ደግሞ ለደከመችው ልብ ሌላ ሸክም ነው። ቀን እግሩ ላይ የወረደው ውሃ ሲተኛ ወደ ደሙ ይመለሳል፤ ሌሊት የሚያስነሳው እሱ ነው። ስልክ ላይ ቃል ሲጠፋበትም አትቀየሚው፤ አንጎሉም የሚደርሰው ደም አንሶበት ነው።

አሁን ላሲክስ የሚባለውን፣ ውሃውን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒትና ሌሎችም ይወስዳል፣ እብጠቱም ጎድሏል። በርበሬና ሽሮውን እንደ አዲስ ያለ ጨው አስፈጭቻለሁ።

ለጉልበቱ ሕመም ማስታገሻ ብለሽ ኢቡፕሮፌን እንዳትልኪ። ውሃ ያስቋጥረዋል፣ ኩላሊቱንም ይጎዳል። ዳይክሎፌናክም ያው ነው። ይልቅ የሰው ሚዛን ላኪልኝ። በየጠዋቱ ሽንቱን ሸንቶ፣ ቁርስ ሳይቀምስ መመዘን አለበት። በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንሄዳለን። እስካሁን ለመመዘን እየደገፍኩ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ጋ እወስደዋለሁ። ደረጃው 14 ነው። 7ኛው ላይ ቆም እንላለን።

እናትሽ