ስለ ቮልሷ ሽቦዎች፦ ደብዳቤ ለልጄ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ እናትሽም ሰላም ብላሻለች። በስልክ ስለ ቮልሷ የነገርሽኝን ሳሰላስል ሰነበትኩ። የግራ የፊት መብራቷ ደብዝዟል፣ ፍሬቻዋም አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን እምቢ ይላል ብለሽኛል። አዲስ አምፖል ከመግዛትሽ በፊት ይህን አንብቢ፤ ችግሩ ያለው ሽቦዎቹ ከሚገናኙባቸው ጫፎች ላይ ይመስለኛል።

መኪናዋ የ1968 እ.ኤ.አ. ሥሪት ናት። ይህን ሁሉ ዓመት በዝናብና በአቧራ ስትመላለስ ይበልጥ የተጎዱት በሽቦዎቹ ጫፍ ያሉት የናስ ተርሚናሎች ናቸው። አረንጓዴ ዝገት ሲይዛቸውና መጨበጫቸው ሲላላ ኤሌክትሪኩ ማለፊያ ያጣል። 45 ዋት አምፖል በ12 ቮልት ወደ 4 አምፔር የሚጠጋ ይስባል፤ በአንዱ መጋጠሚያ ላይ የ0.2 ኦም እንቅፋት ብቻ ቢኖር 0.75 ቮልት ያህል እዚያው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ብርሃን ከቮልቴጅ ይልቅ እጅግ ፈጥኖ ስለሚቀንስ በጨለማ መንገድ ላይ ልዩነቱ ብዙ ነው።

አንቺ ገና ጡት ሳትጥዪ፣ ሦስታችንም ከደሴ ስንመለስ፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚያወጣው ጠመዝማዛ ላይ በጉም ውስጥ ሁለቱም የፊት መብራቶች በአንድ ጊዜ ጠፉብኝ። ምሽቱን እናትሽ ታስታውሰዋለች፤ ምክንያቱን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ከሁለት ሳምንት በፊት ለሁለቱም መብራቶች የሚያሳልፈው ሽቦ ሲበጠስ፣ ተርሚናል ገዝቼ እንደ መግጠም ሽቦውን ጠምዝዤ ናስትሮ ጠቅልዬበት ነበር። ዳር ይዤ እጄን ከዳሽቦርዱ ሥር ሳስገባ ናስትሮው ቀልጦ ጣቴ ላይ ተጣበቀ፤ የተቃጠለ ሽታውም መኪናውን ሞልቶት ነበር። አንቺ ኋላ ወንበር ላይ በእናትሽ እቅፍ ተኝተሽ ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ የተጠመዘዘ ሽቦ ስታገኚ፣ የኔም ሥራ ቢሆን፣ አትማሪው፤ ቁረጪው።

ሥራውን ስትጀምሪ የኋላውን ወንበር አንሺና በቀኝ በኩል ካለው ባትሪ በመጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ ንቀዪ። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ከባትሪው በኩል ወደ ፊውዝ ሳጥኑ የሚመጣው ወፍራም ቀይ ሽቦ በመንገዱ ላይ ምንም ፊውዝ ስለሌለው ነው፤ ከቦዲው ጋር ቢነካካ የሚያቆመው ነገር የለም። መጨረሻ ላይም የባትሪውን መሸፈኛ መመለስ አትርሺ፤ ከባድ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሞላ ወርዶ የባትሪውን ጫፍ ሊነካና እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

አንዱን ሽቦ ሳትጨርሺ ሌላውን አትንቀዪ። ጀርመኖቹ በየመጋጠሚያው ቁጥር አትመዋል፦ 30 ቀጥታ ከባትሪ የሚመጣው፣ 15 ቁልፍ ሲከፈት የሚያገኘው፣ 31 ማሳው፣ ማለትም በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው ነው። ማሳው ቡናማ ሽቦ ስለሆነ ከእሱ ጀምሪ፤ በብልጭ ድርግም የሚታወቅ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይነሣል። ከቦዲው ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ብረቱ ነጭ እስኪሆን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊው።

ተርሚናሉን ስትለውጪ የሽቦውን ልባስ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ላጪ። መዳቡ ጥቁር ከሆነ የሚያብረቀርቀው እስኪወጣ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጪ፤ ካጠረብሽም በዚያው ቀለምና ውፍረት ሽቦ ቀጥዪበት። የምትገዢው ተርሚናል 6.3 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ይሁን። ሁለት ጥንድ ክንፎች አሉት፤ ፊተኛው ባዶውን መዳብ፣ ኋለኛው ደግሞ ልባሱን ይጨብጣል። ተራ ፒንሳ ክንፎቹን ደፍጥጦ ስለሚተው ለዚሁ ሥራ የተሠራውን መጨበጫ ፒንሳ ግዢ፤ ዋጋውን እኔ እልክልሻለሁ። ከጨበጥሽው በኋላ በደንብ ጎትቺው፤ ከወጣ እንደገና ሥሪው። በስታኞ መበየድን ብዙ ሰው ይመርጣል፤ እኔ ግን አልወደውም፣ ስታኞው በሽቦው ውስጥ ሰርጎ ስለሚያደርቀውና መኪናው ሲንቀጠቀጥ ከደረቀበት ጫፍ ስለሚሰበር።

ፊውዞቹን ሳትረሺ አውጥተሽ እያቸው። ነጩ 8፣ ቀዩ 16 አምፔር ነው። ሳይቃጠሉ የሚያታልሉ አሉ፤ ጫፋቸውና የሚይዛቸው ላሜራ ዝጎ ስለሚገኝ ሁለቱንም አጽጂ።

ስትጨርሺ መብራቱን አብሪና ቮልት የሚለካውን መልቲሜትር በባትሪው ፖዘቲቭና በአምፖሉ ተርሚናል መካከል አድርጊ። የሚያሳይሽ ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። ከግማሽ ቮልት ካለፈ ገና ያልደረስሽበት መጋጠሚያ አለና ወደ ኋላ እየተመለስሽ ፈልጊው። የግራውንና የቀኙን መብራት ንባብ ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ፍሬቻው እንነጋገራለን።

አባትሽ
ከደሴ