ለአንድ ክዳን ብዬ ጻፍኩልሽ

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? ይሄን ያህል ጠፍቼ ድንገት ስጽፍልሽ፣ የሆነ ነገር ደረሰ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ሁላችንም ደህና ነን። እማዬንም ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ እንደሆነ ያው ነው። የጻፍኩልሽ የድስት ክዳን ፈልጌ ነው። ሳቂ፣ ግድ የለም።

ካዛንችስ መፍረሱን መቼም ሰምተሻል። ለእኛ ገላን ጉራ ደረሰን። ቤቱ አይከፋም። ርቀቱ ነው እንጂ፤ መርካቶ ደርሶ ለመመለስ ቀኑን መስጠት ነው።

የእማዬ ነጫጭ ድስቶች ትዝ ይሉሻል? ጎናቸው ላይ ሦስት ሰማያዊ አበባ ያለባቸው፣ ለበዓል ብቻ ከቁም ሳጥን የሚወጡት? እናትሽ ለማኅበር ሲዋሷቸው ተሸክመሽ የምትመልሺው አንቺ ነበርሽ። እማዬ ደግሞ በር ላይ ቆማ ክዳን ትቆጥራለች። ዕቃ ስንጭን ሁሉም በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነበር። የመካከለኛው ክዳን ግን አይሱዙው ላይ ከምጣዱ ጋር ተላትሞ ደቀቀ። እማዬ ምንም አላለችም። እሷ ዝም ስትል ደግሞ ታውቂያታለሽ።

ድስቶቹ ከየት እንደመጡ ነግራሽ ይሆን? ልጅ ሆና አሜሪካኖች ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ሚያዝያ 1969 ደርግ የአሜሪካንን ወታደራዊ አማካሪዎችና ሌሎችንም ውጡ ሲል፣ ቤተሰቡ በጥድፊያ ሄደ። ሴትየዋ ለእማዬ ከመጨረሻ ደመወዟ ጋር ድስቶቹን መረቀችላት።

ስማቸው ኮርኒንግ ዌር ነው። አሜሪካ ገበያ ላይ የዋሉት በፈረንጆች 1958 ነው። የተሠሩበት ነገር የተገኘው በአጋጣሚ ነው። ዶናልድ ስቱኪ የሚባል የአምራቹ የኮርኒንግ ኩባንያ ኬሚስት ብርጭቆ 600 ዲግሪ ሊያሞቅ አስቦ ምድጃው ወደ 900 ወጣበት። ቀልጦ አገኘዋለሁ ሲል ነጭ ሆኖ ጠበቀው፤ ከእጁ አምልጦ መሬት ቢወድቅም አልተሰበረም። ድስቱን ከፍሪጅ አውጥተሽ እሳት ላይ ብትጥጂውም አይፈነዳም። ክዳኑ ግን ሌላ ብርጭቆ ነው፤ ይሰበራል። ባለ ሰማያዊ አበባው ደግሞ በፈረንጆች 1988 መመረት አቁሟል። ስለዚህ ሱቅ ገብቶ መግዛት የሚባል ነገር የለም።

መጀመሪያ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ሄድኩ። የብረት ከሆነ እዚያ የሌለ ክዳን የለም። ብርጭቆ ግን ቁራሌውም አይሸከመው። አንዱ ልጅ «ማዘር፣ ልኩን አምጪና ከላሜራ እንሥራልሽ» አለኝ። ማዘር መባሉ ከክዳኑ በላይ አናደደኝ! ቴሌግራም ላይ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡትን ስጠይቅ የሚልኩልኝ የአርኮፓል ሳህን ፎቶ ነው። ከዚያ ለድሮ ጎረቤቶቻችን መደወል ጀመርኩ። አንዷ ቱሉ ዲምቱ ናት፣ ሌላዋ አራብሳ። ክዳን ፍለጋ ሄጄ ቡና ሳልጠጣ የወጣሁበት ቤት የለም። ሁሉም «ያቺ ልጅ እንዴት ናት?» ይሉኛል፤ አንቺን ማለታቸው ነው። የምመልሰው ቸገረኝ። ለመጻፍ የቆረጥኩት ያኔ ነው።

አራብሳ ያለችው ስኳር ዕቃ የከደነችበትን አንድ ክዳን አውጥታ ሰጠችኝ። ይዤው በረርኩ። ድስቱ ላይ ስናስቀምጠው ግን ይንገዳገዳል። ገልብጠን ስናይ ክዳኑ በእንግሊዝኛ «ፒ» ይላል፤ የእኛ ድስት ታቹ ላይ «ኤ» ነው። ለካ ፒ የቀድሞው ሥሪት ነው። በፈረንጆች ከ1972 ገደማ ወዲህ የመጡት ኤ ናቸው፤ ጠርዛቸው ስለሚለያይ አይገጣጠሙም። ስኳሩ ክዳኑን መልሶ አገኘ።

እንግዲህ ያንቺ ሥራ እዚህ ላይ ነው። እናንተ ጋ ጉድዊል የሚባል ያገለገለ ዕቃ መሸጫ አለ አይደል? የምፈልገው እጀታው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኤ-8-ሲ» የሚል ክዳን ነው። የሁለት ኳርቱ ነው፤ ሁለት ሊትር ገደማ በይው። አደራ፣ አዲሱን እንዳትገዢ። ስሙ ያው ሆኖ ዕቃው በፈረንጆች ከ2000 ወዲህ በአብዛኛው ሸክላ ሆኗል፤ እሳት ላይ አይጣድም። ኢንተርኔት ላይ ሺህ ዶላር የሚጠሩትንም አትስሚያቸው። በሚሊዮን የተመረተ ዕቃ ነው፤ መጥራትና መሸጥ ለየቅል ናቸው።

በእኛ መሀል ይቅርና፣ ለወጥ የሚረባ ድስት አይደለም። ቁሌት አይችልም፤ መሀሉ ሲያርር ዳሩ ጥሬ ነው። እማዬም ዶሮዋን በብረት ድስት ሠርታ ነው የምትገለብጥበት። አሁን የገዛሁት ኢንዳክሽን የሚሉት የኤሌክትሪክ ምድጃ ደግሞ ጭራሽ አያውቀውም፤ ብረት ካልሆነ አይግልም። አልጫ ግን ይሆንለታል፤ እርድ ቢይዘውም በቤኪንግ ሶዳ ይለቃል። ይሄን ሁሉ እያወቅሁም ክዳኑን እፈልገዋለሁ። ለፋሲካ ሦስቱም ተከድነው ይቅረቡና እማዬ ቆጥራ ትጥገብ።

ካገኘሽ በፖስታ አትላኪው። ሰው ሲመጣ በልብስ ጠቅልለሽ ስጪልኝ፤ በእጅ ሻንጣ ቢሆን ይሻላል። ካልተገኘም ደውይ። ስልኬ አልተቀየረም። ማታ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይመቸኛል፣ ባንቺ ቀን ነው። እማዬ አጠገቤ ሆና «ወፍራለች ወይ ብለሽ ጠይቂያት» እያለች ነው። ፎቶ ላኪላት፣ እኔ አላማልድም።

ያንቺው፣
የካዛንችሷ