ጋዙን ብቻ ሳይሆን ዘይቱንም ቀይሩ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በመኪና አምዳችሁ ስለ ድሮ መኪኖች ኤር ኮንዲሽነር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደጋግሜ አነበብሁት። አር 12 የሚባለው የድሮ ጋዝ ከገበያ ስለጠፋ በአር 134ኤ መተካት እንደሚቻል መግለጻችሁ ትክክል ነው። የመሙያውን አፍ ቀይሮ አዲሱን ጋዝ መሙላት ይበቃል ማለታችሁ ግን ስሕተት ነው፤ ብዙ ሰውንም ለኪሳራ ይዳርጋል። ድሬዳዋ ውስጥ በዚህ ሙያ ሠላሳ ዓመት ያህል ስለቆየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ነገሩ ያለው ዘይቱ ላይ ነው። ጋዙን ጨምቆ የሚገፋው የመኪና ኮምፕሬሰር የሚለሰልሰው ከጋዙ ጋር በቱቦ በሚዞር ዘይት ነው። አር 12 ከማዕድን ዘይት ጋር ስለሚዋሐድ ይዞት ሄዶ ይዞት ይመለሳል። አር 134ኤ ግን ከዚያ ዘይት ጋር አይስማማም። ዘይቱ መንገድ ላይ፣ በተለይም አየሩን በሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር ውስጥ፣ ተኝቶ ይቀራል፤ ኮምፕሬሰሩም በደረቁ ይሽከረከራል። ክፋቱ ደግሞ ጉዳቱ በዕለቱ አለመታየቱ ነው። ባለመኪናው ቀዝቃዛው አየር ፊቱን ሲነካው ተደስቶ፣ ከፍሎና አመስግኖ ይሄዳል።

አዲሱ ጋዝ ወደ እኛ መምጣት በጀመረበት ጊዜ እኔም ይህንኑ አድርጌአለሁ። በአዋሽ መንገድ የሚመላለሱ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ያመጡትን አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ዘይቱን ሳላወጣ ሞላሁላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ ኮምፕሬሰሩ ተጣብቆ ቺንጋውን በጠሰው። በጠራራ ፀሐይ በረሃ ላይ ቆመው ውለው ሲመለሱ አልተቆጡኝም፤ "ልጄ፣ ምን አደረግህብኝ?" ብቻ አሉኝ። ኮምፕሬሰሩን ከኪሴ ተካሁላቸው። ያ ጥያቄያቸው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፕሬሰሩን ሳላወርድና አሮጌውን ዘይት ሳላንጠፈጥፍ አዲስ ጋዝ አልሞላም። ለተለወጠ መኪና የምመርጠው ኢስተር የተባለውን ዘይት ነው፤ ቱቦው ውስጥ የቀረ የማዕድን ዘይትና የአሮጌው ጋዝ የክሎሪን ርዝራዥ ቢያገኘው ከሌሎቹ በተሻለ ይችለዋል። እርጥበት የሚመጠው ማድረቂያ ጠርሙስም አብሮ ይቀየራል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የድሮው ፍሬ ለአዲሱ ጋዝ አልተሠራም። የመጋጠሚያዎቹን የጎማ ቀለበቶችም ከፈታን አይቀር በአዲስ መተካት ነው።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ሳይቀሩ የሚሳሳቱት በመጠኑ ላይ ነው። በአር 12 ዘመን በማድረቂያው አናት ላይ ያለችውን መስታወት እያየን፣ አረፋው እስኪጠፋ እንሞላ ነበር። በአር 134ኤ እንዲህ ከተሞላ ይበዛል፤ ግፊቱ ይጨምራል፤ በእኛ ሙቀት ደግሞ የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣው ኮንደንሰር ይህን አይችለውም። መመዘን ያስፈልጋል። የመኪናው የድሮ ልክ 700 ግራም ከነበረ ከ560 እስከ 600 ግራም ይበቃዋል።

ከመሙላት በፊት አየሩንና እርጥበቱን በፓምፕ መሳብ ግድ ነው። በውጭ አገር መመሪያዎች ላይ የመሳቡን ኃይል የሚያሳየው የመለኪያ መርፌ 29 ኢንች (በሜርኩሪ) አካባቢ መድረስ አለበት ይላል። ይህ ለባሕር ዳርቻ አገር እውነት ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ግን የውጭው አየር ራሱ ስስ ስለሆነ፣ ፍጹም የሆነ ፓምፕ እንኳ ከ23 ኢንች ብዙም አያልፍም፤ እኛ ዘንድ ደግሞ 26 አካባቢ ነው። ወጣት መካኒኮች 29 አልደርስ ሲላቸው የሌለ ቀዳዳ ሲፈልጉ ሲውሉ አይቼአለሁ። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስረዳ የአማርኛ መመሪያ በእጃቸው ቢኖር ምንኛ በጠቀማቸው!

በወጥ ቤት ጋዝ ስለሚሞሉትም ዝም አልልም። አዎን፣ ያቀዘቅዛል። ነገር ግን ኢቫፖሬተሩ ያለው ከዳሽቦርዱ ሥር፣ ቤተሰብ በተቀመጠበት ክፍል ነው። ቢያፈስስና አንድ ብልጭታ ቢያገኘው የሚሆነውን ማሰብ ይዘገንናል።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው ደግሞ የአሮጌውን ጋዝ ዕጣ ነው። አንዳንድ አሮጌ መኪና ዛሬም ጥቂት አር 12 ይዞ ይመጣል። በወጣትነታችን ቫልቩን ተጭነን ወደ አየር እንለቀው ነበር፤ ጉዳቱን የነገረን አልነበረም። በውስጡ ያለው ክሎሪን የኦዞንን ሽፋን እንደሚበላ ሞሊናና ሮውላንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1974 አመልክተዋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ኦዞንን የሚጎዱ ጋዞችን ለማስቀረት የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ አገራችንም እ.ኤ.አ. በ1994 ገባችበት። አንድ ጊዜ የተለቀቀ አር 12 አየር ላይ መቶ ዓመት ያህል ይቆያል። አር 134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም ምድርን በማሞቅ ረገድ አንድ ኪሎው ከ1,000 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበልጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ እንዲቀነስ የተወሰነውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ጋዞች፣ ሳይቀላቀሉ፣ በመሳቢያ መሣሪያ ወደ የራሳቸው ሲሊንደር መመለስ ይገባል። መሣሪያው ለአንድ አነስተኛ ጋራዥ ውድ ነው። የሚመለከተው የመንግሥት አካል በየከተማው ጋራዦች በጋራ የሚጠቀሙበት አንድ እንኳ ቢያቀርብ በደስታ ተራ እንይዛለን።

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ያገለግላሉ። ስለዚህ እርማቱን እንድታትሙልኝ፣ አንድ ነገርም እንድትጨምሩበት እለምናለሁ፦ ጋዙ የተለወጠለት መኪና ሁሉ ኮፈኑ ሥር ወረቀት ይለጠፍለት፤ የጋዙ ዓይነት፣ ግራሙ፣ የዘይቱ ዓይነትና ቀኑ ይጻፍበት። ከእኔ በኋላ ያንን መኪና የሚከፍተው ልጅ ምን እንደሞላሁበት የሚነግረው ሌላ የለውም።

ከአክብሮት ጋር
የመኪና ኤር ኮንዲሽነር ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ