የኤሌክትሮኒክስ ክበብ፦ አራቱን ሞተሮች አብሮ ማስነሳት

ዘንድሮ የላቦራቶሪውን ዲቫይደሮች ጠግነናል፣ የሰልፉን ድምፅ ማጉያም አስተካክለናል። ልጆቹን ከመስከረም እስከ ሰኔ የያዛቸው ግን ባለ አራት ሞተሩ ድሮን ነው። ስለዚህ የምጽፈው ስለ እሱ ነው።

ሥራው ገና በኅዳር ተሰናከለ። ድሮን ላይ እያንዳንዱ ሞተር የራሱ የፍጥነት መቆጣጠሪያ አለው። የባትሪውን ኃይል በሦስት ሽቦ ለሞተሩ የሚያደርስ ትንሽ ሰሌዳ ነው። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ የባትሪውን ቀይና ጥቁር ሽቦ ገልብጦ በየደው። ባትሪውን ስንሰካ ጭስ ወጣ፤ መቆጣጠሪያው ተቃጠለ። ልጁ ሁለት ሳምንት ክበቡን ሸሸ። ብየዳውን አስቀድሞ መፈተሽ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ይህንኑ ጠርቼ ነገርኩት።

ምትኩን የወላጅ ኮሚቴው ገዛልን፤ ያንኑ ዓይነት ግን አላገኘንም። ከዚያ ወዲህ ድሮኑ ሊነሳ ሲል ወደ አንድ ጎን ያዘነብል ጀመር። ልጆቹ "ሞተሩ ደክሟል" አሉ። ሞተሮቹን አቀያየርን። የሚያዘነብለው ያው ጎን ሆነ።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነገሩን በቁጥር ያዘችው። ለመቆጣጠሪያው የሚላከው ትእዛዝ የኤሌክትሪክ ምት ነው። ርዝመቱ 1000 ማይክሮ ሰከንድ ከሆነ ቁም ማለት ነው፤ 2000 ከሆነ ሙሉ ኃይል። በኮምፒውተር ቀስ እያለች እየጨመረች፣ እያንዳንዱ ሞተር መዞር የጀመረበትን ደብተሯ ላይ ጻፈች። ሦስቱ 1080 አካባቢ ተነሱ። አዲሱ መቆጣጠሪያ ያለበት 1150 እስኪደርስ ንቅንቅ አላለም። ለካ የእሱ ዜሮ ከሌሎቹ ዜሮ ጋር አይገጥምም!

መፍትሔው ካሊብሬሽን ነው፦ ዜሮውና ሙሉ ኃይሉ የቱ እንደሆነ ለእያንዳንዱ መቆጣጠሪያ ማስተማር። ስሮትሉን፣ ማለትም የኃይል መጨመሪያውን፣ እስከ ላይ ገፍተን ባትሪውን እንሰካለን። መቆጣጠሪያው ሙሉ ኃይል ይህ ነው ብሎ ይይዝና ሁለቴ ጢጥ ይላል። ወዲያው ስሮትሉን እስከ ታች ማውረድ ነው። ከዘገየን ወደ ሌላ ማስተካከያ ይገባብናል፤ ሁለቴ ገብቶብን እንደገና ጀምረናል። ሲሳካ ለባትሪው ሦስት ሴሎች ሦስት ጊዜ ጢጥ ይልና አንድ ረጅም ድምፅ ያሰማል። አሮጌዎቹንም ሳይቀር አራቱን አንድ በአንድ አደረግናቸው።

አደጋም አለው። መቆጣጠሪያው ማስተካከያ ውስጥ ሳይገባ ከቀረ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ሊነሳ ይችላል። ፕሮፔለር፣ ማለትም ሞተሩ የሚያሽከረክረው ክንፍ፣ ሳይነቀል ባትሪ አይነካም። ይህን ኃላፊነት ማንም ሳይጠይቀው የወሰደው ሽቦ የገለበጠው ልጅ ነው። ነቅሎ በጨርቅ ከረጢት ይይዛቸዋል። ቆጥሮ "አራት!" ካላለ ባትሪ የሚሰካ የለም።

እንደገና ስንለካ አራቱም 1070 አካባቢ አብረው ተነሱ። አንዳንዶቹ አዳዲስ መቆጣጠሪያዎች ትእዛዙን በዲጂታል ቁጥር ስለሚቀበሉ ይህ ሁሉ ላያስፈልጋቸው ይችላል። እኔ ግን የድሮዎቹ ስለደረሱን ደስ ብሎኛል። አዳዲሶቹ ቢሆኑ ኖሮ ያቺ የደብተር ገጽ ባልኖረች ነበር።

ድሮን ማብረር ፈቃድ ስለሚፈልግ ከአዳራሽ አላወጣነውም። ግንቦት ላይ በአራት ገመድ ከዴስክ ጋር አስረን አነሳነው። ስንዝር ያህል ከፍ አለ፤ ሳያዘነብል ቆመ። አዳራሹ በጩኸት ተናጋ።

ለክረምቱ ባትሪዎቹን በየሴሉ 3.8 ቮልት ላይ አድርገን በቆርቆሮ ሣጥን አስቀምጠናል። ከረጢቱም አብሮ አለ። የያዡ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል።